በኧላንድ ደሴት የተጾመ ፍልሰታ

እኛ ክረምት የምንለው ወቅት ለስዊድን ሕዝብ በጋው ነው። እዚህ ነሐሴ የጭቃና የጉም ወር ሲሆን፣ እዚያ ፀሐይ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ሳትጠልቅ ትቆያለች፤ ዓመቱን ሲደክም የከረመው ሠራተኛም ወደ ባሕር ዳርቻና ወደ ደሴቶች ይወጣል። እኔም ባለፈው ዓመት በአንድ የቴአትር ባለሙያ ወዳጄ ግብዣ በባልቲክ ባሕር ወደምትገኘው ወደ ኧላንድ ደሴት የመሄድ ዕድል ገጥሞኝ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 የተከፈተውንና ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን ድልድይ ከካልማር ከተማ ተነሥተን ስንሻገር የተቀበሉን የድንጋይ ካቦች፣ ከእንጨት የተሠሩ የነፋስ ወፍጮዎችና በደቡብ በኩል የተንጣለለው ገላጣ የኖራ ድንጋይ ሜዳ ነበሩ። ዕለቱ ነሐሴ 1 ቀን ነበር።

ቀኑን የማስታውሰው በምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ጾምን ለእናቶች ትቼ የኖርኩ ሰው ብሆንም፣ ከቤት ስነሣ እናቴ «ሌላው ቢቀር ፍልሰታን እንዳትገድፍ» ብላ ቃል አስገብታኝ ነበር። ፍልሰታ በልጅነታችን ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተፎካከርን የጾምነው ጾም ነውና፣ እንቢ ለማለት አንደበት አላገኘሁም።

በመጀመሪያው ማታ የወዳጄ አክስት፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ባልቴት፣ በጢስ የበሰለ ዓሣ፣ ቅቤና አይብ አቀረቡ። እኔም «ቪጋን ነኝ» አልኩ። በዚያ አገር ይህ ቃል ሌላ ጥያቄ አያስከትልም፤ ለእንስሳት በማዘን ወይም ለአየር ንብረት በማሰብ ሥጋና ወተት የተወ ወጣት በየቤቱ አይጠፋም። «ጾመኛ ነኝ» ብል ግን ኋላ ቀር መስዬ እታያለሁ ብዬ ሰጋሁ። በመድረክ ላይ ስለ ሕዝብ ባህል ክብር ስንት ገጸ ባሕርይ ያናገርኩ ደራሲ፣ በአንዲት ባልቴት ማዕድ ፊት የእናቴን ጾም በተውሶ ስም ሸፈንኩት።

በሦስተኛው ቀን ባልቴቷ ሲያዘፈዝፉት ያደረውን የደሴቲቱን ቡናማ ቦሎቄ ቀቅለው፣ ኮምጣጤና ሽሮፕ ጨምረው፣ በእንስላል ከተቀቀለ ድንች ጋር አቀረቡልኝ። ኧላንድ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በዚህ ቦሎቄ የታወቀች ናት። እንደ ልማዱ ከተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ጋር የሚበላ ሲሆን፣ እርሳቸው ለእኔ ብለው ሥጋውን ትተውታል። ይሁን እንጂ ጣፋጭ ወጥ ለእኛ ምላስ እንግዳ ነውና፣ እናቴ ከሻንጣዬ የሸጎጠችውን የሚጥሚጣ ቋጠሮ አወጣሁ።

«ይህን ማን ሰጠዎት?» አሉኝ። እናቴ ናት አልኩ። «እርሷም እንደ እርስዎ ናት?» ሲሉኝ መሸሸጊያ አጣሁ፤ ስለ ፍልሰታ ሁሉንም ነገርኳቸው።

አልሳቁም። ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሉተር ሃይማኖት ከመግባቱ በፊት የእርሳቸውም ወገኖች ይጾሙ እንደነበር ነገሩኝ። ጾሙ ከቀረ ዘመናት ቢያልፉም፣ በዋዜማው ይበላ የነበረው ሴምላ የተባለ ዳቦ፣ ዛሬ በክሬም ተሞልቶ፣ እስካሁን በየዓመቱ ይበላል። በእኛ ቋንቋ ብናገረው፣ ጾሙ ተረስቶ ቅበላው ቀርቷል። «እናትዎ ደስ ይበላት፤ ያላት ነገር ከእኛ ዘንድ ጠፍቷል» አሉ።

ይህን ስጽፍ ድህነትን ለማሞገስ አይደለም። ሥጋ የተትረፈረፈለት ሰው ሥጋ መተዉና፣ በፍስክም ቢሆን ከሽሮ በቀር የማያገኘው ገበሬያችን አንድ አይደሉም። ነገር ግን ከጥራጥሬና ከቅባት እህል ይህን ያህል ዓይነት ምግብ ያወጣው፣ ሱፉን ፈትፍቶ፣ ተልባውን ቆልቶና ወቅጦ፣ ምስሩን ከሽኖ ያቆየን የእናቶቻችን ጥበብ ነው። እኛ የጥበብ ሰዎች ነን ባዮቹ ስለ ክራሩና ስለ ሥዕሉ ብዙ ስንጽፍ፣ ስለዚህ ጥበብ የጻፍነው እጅግ ጥቂት ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ እናቴ ገና ከደጅ «ገደፍክ ወይስ ጾምክ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ጾሜአለሁ፤ ሁለት ቀን ግን ጾመኛ መሆኔን ደብቄ ነበር» አልኳት።

ነጠላዋን እያስተካከለች ጥቂት አሰበችና፣ «እሱስ ከመግደፍ ይብሳል» አለችኝ።