ከሙቀት የሚቀድም ብርሃን

ጋምቤላን የሚያውቅ ሰው ስለ ሙቀት አስተማሪ አያስፈልገውም። በመጋቢት ቀትር ቆርቆሮው ሲንጣጣ የሰማ፣ የብረት በር ነክቶ እጁን የሰበሰበ ሁሉ፣ ጠጣር ነገር የሚለወጠው ቀስ በቀስ ግሎ ነው ቢል አይፈረድበትም። ቅቤም ሰምም የሚቀልጡት እንደዚያው ነው።

ለካስ ከሙቀት የሚቀድም ብርሃን አለ። ፌምቶሰከንድ የሚባል የጊዜ ስፍር አለ፤ ይህ ለአንድ ሰከንድ ያለው ድርሻ፣ አንድ ሰከንድ ለ32 ሚሊዮን ዓመት ያላትን ያህል ነው። መቶ ግራም ስኳር አንድ ሚሊሜትር ብቻ ለማንሳት የሚበቃ ጉልበት በሌዘር ብርሃን በ100 ፌምቶሰከንድ ታጭቆ ቢላክ፣ ለዚያች ቅጽበት 10 ጊጋዋት ይደርሳል። የሕዳሴ ግድባችን ሙሉ አቅም 5.15 ጊጋዋት ነው። ጉልበቱ ኢምንት፣ ጥድፊያው ግን ጉድ!

እንዲህ ያለው ብርሃን ጠጣር ነገር ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚነካው ኤሌክትሮኖችን ነው። አተሞችን አስተሳስረው የያዙት እነሱ ናቸውና፣ እነሱ ሲናጡ ማሰሪያው ይላላል፤ አተሞቹም በወጉ ሳይግሉ ከቦታቸው ሊነቃነቁ ይችላሉ። ቫናዲየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ቁስ በሙቀት ከሆነ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው ኤሌክትሪክን እንደ ብረታ ብረት ማሳለፍ የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. በ2007 አሕመድ ዘዌይልና ባልደረቦቹ ይህ ቁስ በብርሃን ሲመታ አቋሙ እንዴት እንደሚለወጥ ደረጃ በደረጃ አሳዩ። ቀድሞ የሚላላው የተጣመሩት የቫናዲየም አተሞች ትስስር ነው፤ የቀረው ሕንጻ ኋላ ይከተላል።

ዘዌይል ማነው? ግብፃዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ደማንሁር ተወለደ፣ ደሱቅ አደገ፣ በ1999 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አገኘ፣ በ2016 አረፈ። ደሱቅ ዓባይ ዳር ናት። የእኛ ባሮም በሶባት በኩል ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። እንግዲህ የጋምቤላ ልጅ የሚዋኝበት ወንዝ መዳረሻው ወደዚያው ነው ማለት ነው።

ዘዌይልን ከአሌክሳንድሪያ ዩኒቨርሲቲ አንስቶ ካሊፎርኒያ ያደረሰው ግን ወንዙ አይደለም፤ አስተማሪና ቤተ ሙከራ ነው። ሌዘሩ ይቅርብን፤ አንዲት ፕሪዝም በእጁ ሳይዝ፣ ብርሃን በዓይኑ ፊት ሲበተን ሳያይ፣ ፎርሙላ ሸምድዶ ፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ስንት ነው? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ግጥም ሳያነቡ የግጥም ትርጉም የሚሸመድዱ ተማሪዎች ይገጥሙኝ ነበር። የዚህኛው ዕዳ ግን ይብሳል።

ስለ ውኃው ድርሻ ስንከራከር ዘመን ቆጥረናል፤ ደግም አደረግን። ስለ ዕውቀቱ ድርሻስ ለዚያ ልጅ የሚከራከርለት ማነው?