ቧንቧው ቢያረጅም

ገጠሬው ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የሚገባው በአስፋልት ተማርኮ አይደለም። የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ በሆነችው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታሉም የመምህራን ኮሌጁም አሉ፤ ቡሬ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ምጥ የያዛትን ሚስቱን በሌሊት በቃሬዛ ያሸከመ ገበሬ፣ ውሃ በፈረቃ የሚደርስበትን ከተማ እንኳ ቢመርጥ አይፈረድበትም። «ቧንቧው የማይበቃው ሰው ስለበዛ ነው፤ ሁሉም በየቀዬው ይቀመጥ» የሚሉ አሉ። በእርግጥ ለገጠሩም መንገድና ጤና ጣቢያ ይገባዋል። ቧንቧውን ያዛገው ግን መጤው ሳይሆን ጥገናን የዘነጋ በጀት ነው፤ አዲስ መስመር ይመረቃል፣ አሮጌው እስኪፈነዳ ይጠበቃል። መጤው ደግሞ የውሃ ሂሳብም ግብርም ከፋይ ነው። ያ ገንዘብ በቅድሚያ ለዛገው መስመርና በደለል ለተደፈነው የጎርፍ ቦይ ይዋል፤ አዲሱ ሕንፃ ተራውን ይጠብቅ።