እሑድ ዝግ ነበር

ከአዲስ አበባ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ አንድ ቡድን አሰናድቼ ነበር፤ ኦርቶዶክሶች፣ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች የተቀላቀሉበት። የረቡዕና የዓርብን የጾም ምግብ፣ ዮርዳኖስ ላይ ማን ውኃው ውስጥ እንደሚጠልቅና ማን ለበረከት ብቻ እንደሚረጭ፣ ሁሉን አስቤበታለሁ። ያላሰብኩበት ፕሮቴስታንቶቹ የሚናፍቁትን አንድ ቦታ ነው። አላሰብኩበትም ማለቴም ራሴን ማባበል ነው፤ ንቄው ነበር።

ቦታው ከደማስቆ በር ወጣ ብሎ የሚገኘው፣ ጋርደን ቱምብ የሚሉት የአትክልት ሥፍራ ነው። እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1883 አጠገቡ ያለውን የራስ ቅል የሚመስል ገደል አይቶ ጎልጎታ ይህ መሆን አለበት አለ፤ በ1894 አንድ የእንግሊዝ ማኅበር አትክልቱን በውስጡ ካለው ጥንታዊ መቃብር ጋር ገዛው። መቃብሩ ከክርስቶስ ልደት ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ የተፈለፈለ ነው የሚሉ የሥነ ቁፋሮ ሊቃውንት አሉ። እኔ ኦርቶዶክሱ ይህችን ይዤ ነገሩን ዘጋሁት፤ እውነተኛው የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን እያለ ይህ ምን ያደርግላቸዋል? የቦታው አስጎብኚዎች ራሳቸው "በእርግጥ እዚህ ነው" ብለው እንደማይሟገቱ የሰማሁት ኋላ ነው። ሰዎቹ የሚሄዱት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ወንጌል ሊያነቡ፣ ሊዘምሩ፣ የጌታን እራት ሊካፈሉ ነው። ደግሞስ ሌላ የት ይሂዱ? በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ድርሻ ያላቸው ግሪኮች፣ ላቲኖች፣ አርመኖች፣ ቅብጦች፣ ሶርያውያንና እኛ ነን፤ ፕሮቴስታንት የለበትም።

እነዚህ ስድስቱ የኦቶማኑ ሱልጣን እ.ኤ.አ. በ1852 ባጸናው ሥርዓት ሰዓትና ጥግ ተካፍለው፣ የበሩን ቁልፍ ሙስሊም ቤተሰቦች ይዘውላቸው እንደሚኖሩ ለተጓዦቼ እየኮራሁ አስረድቻለሁ። (መካፈሉ ያለ ጠብ እንዳልሆነ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባለው ዴር ሡልጣን የሚኖሩት መነኮሳቶቻችን ያውቁታል።) እኔ ግን አንዲት እሑድ ለሦስት ማካፈል አቃተኝ።

ኦርቶዶክሶቹ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ያስቀድሳሉ፣ ካቶሊኮቹ ፍራንሲስካውያኑ ዘንድ፣ ፕሮቴስታንቶቹ ወደ አትክልቱ ብዬ ጻፍኩ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ለሁለቱ ቅዳሴዎች ደውዬ ሰዓት አረጋገጥኩ፤ ለአትክልቱ ግን አልደወልኩም። እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው።

ከቅዳሴ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ከቡድኑ በዕድሜ የሚበልጡት እናት ናቸው፤ ለጉዞው ዓመታት እቁብ ጥለው የመጡ። "ልጄ፣ በሩ ተዘግቷል፤ ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ። "እማማ፣ ድንገት ዘግተውት ይሆናል፣ የጸጥታ ጉዳይ ነው መሰለኝ" አልኩ። በዚያ አገር የጸጥታ ጉዳይ ከተባለ ማንም ደግሞ አይጠይቅም። እሳቸውም አልጠየቁም፤ "እንግዲህ የጌታ ፈቃድ ነው" ብለው ዘጉት። የእኔን ስንፍና ለጌታ ሰጡት፣ እኔም ዝም አልኩ። በማግስቱ ተሳፈርን።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው "ውሸቱን ለኔ ነገርከኝ፤ ለእሳቸውስ?" አሉኝ። ስልካቸውን እየፈለግሁ፣ እያገኘሁም ሳልደውል ቆየሁ።

እማማ፣ ከእርስዎ ጋር በሩ ላይ የቆማችሁም፤ ድንገት አልተዘጋም፣ የጸጥታ ጉዳይም አልነበረም። እኔ ሳልጠይቅ የላክኋችሁ ነው፣ ያልጠየቅሁትም ቦታችሁን ስለናቅሁት ነው። የዚያን ቀን ሒሳብ ልመልስላችሁ ዝግጁ ነኝ። ይቅር በሉኝ።