ጻድቅ ናት ወይስ ኃጥእ?

ዲር ፓርክ ውስጥ አጋዘን የለም። ስሙ የአጋዘን መስክ ማለት ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሜልበርን የአዳኞች ክበብ አጋዘኖቹን ያኖር የነበረው እዚህ ነበርና። አሁን ያለው ቤት፣ ጋራዥና የባላራት መንገድ ነው። የክበቡ ስም የተረፈው በዚያው መንገድ ዳር ባለው የሰፈሩ የኪነ ጥበብ ማዕከል ላይ ነው፤ “ሀንት ክለብ” ይባላል። ስንት ዓመት በደጁ አልፌያለሁ፤ ወተት ልገዛ፣ ልጅ ላደርስ፣ መኪና ላሠራ። ገብቼ አላውቅም። ማንም አትግባ አላለኝም። ሥዕል ማየት እንደ ጎልፍ የሌላ ሰው ነገር መስሎኝ ነው።

ከዚህ ያወጣችኝ እናቴ ናት። ዘጌ ተወልዳ ባሕር ዳር ያረጀች ሴት ናት፤ የልጅ ልጅ ልታይ ለሦስት ወር መጣች። እኛ ለእንግዳ የምናሳየው ነገር የታወቀ ነው፤ ፉትስክሬይ ወስደን ክትፎ እናበላለን፣ ውቅያኖስ ዳር ወስደን ፎቶ እናነሳለን፣ ከዚያ የገበያ አዳራሽ። በሁለተኛው ወር ሁሉም አለቀ። አንድ ቅዳሜ ዝናብ ያዘና “ዛሬስ ወዴት ነው?” አለች። ዝናብ የማይገባበትና ገንዘብ የማይጠየቅበት ቦታ ሳስብ ትዝ ያለኝ የቪክቶሪያ ብሔራዊ ጋለሪ ነው። ለጥበብ የነበረኝ ፍቅር ይህን ያህል ነበር።

ከዲር ፓርክ የሚነሳው ቪላይን ባቡር ሰንሻይንንና ፉትስክሬይን አልፎ ሳውዘርን ክሮስ ጣቢያ ያወርዳል። ይህን ጣቢያ አንባቢ ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጋለሪው በ1861 የተመሠረተ፣ ከአውስትራሊያ የሕዝብ ጋለሪዎች ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቆጥራችሁ አንብቡልኝ)። በሴንት ኪልዳ መንገድ ያለው ግራጫ የድንጋይ ሕንፃው በ1968 ተከፈተ። መግቢያው ላይ ከላይ እስከ ታች ውሃ የሚወርድበት ትልቅ መስታወት አለ፤ ልጆች እጃቸውን እየለጠፉ ይጫወቱበታል። እናቴ ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ግንባሯን አበሰች።

“ጠበል አይደለም እኮ እማዬ” አልኳት።

“ነው መች አልኩ?” ብላኝ ገባች። ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል ግን ይዤ ቀና አደረግኋት።

እኔ ሥዕል የማየው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ከጎኑ የተለጠፈችውን ካርድ አነባለሁ። ማን ሣለው፣ መቼ ሣለው፣ ማን ሰጠው። ከዚያ ቀና ብዬ ሥዕሉን እንደ መታወቂያ ፎቶ ከካርዱ ጋር አመሳክራለሁ። ልክ ነው፣ ቀጥል። በዘመናችን ሠዓሊዎች ክፍል ደግሞ ካርዱ ይረዝማል፤ አንዳንዱ መግለጫ ወርቁ ቀርቶ ሰሙ እንኳ የማይገኝ ቅኔ ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ስለዚህ የቀራት ሥዕሉ ብቻ ነበር።

ማየቱን ደግሞ ታውቅበታለች። ያደገችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከግርጌ እስከ ራስጌ ሥዕል ነው፤ በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ። በላዔ ሰብእ 78 ነፍስ በልቶ በጥርኝ ውሃ ሲማር ያየችው እዚያ ነው፤ መጽሐፍ ገልጣ አይደለም። የሠዓሊዎቹንም ሕግ ታውቃለች፤ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ኃጥእ፣ ሰቃይና ሰይጣን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓይን ቆጥሮ ወገንና ጠላት ይለያል።

እንግዲህ ይህን ሕግ እንደያዘች ፒካሶ ፊት አቆምኳት። ሥዕሉ “የምታለቅስ ሴት” ይባላል፤ የ1937 ሥራ ነው፣ ቁመቱ 55 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። የሴትዮዋ ፊት አረንጓዴ ነው። ወደ ጎን ዞራለች፤ ዓይኖቿ ግን ሁለቱም አሉ፣ በአንድ ወገን ተደርድረው ያፈጣሉ። እናቴ ቀረበች፤ ራቀች፤ እንደገና ቀረበች። ጥበቃው ተጠጋን።

“ጻድቅ ናት ወይስ ኃጥእ?” አለችኝ።

ካርዱን አየሁ። ካርዱ ላይ የለም። ስለ ስፔን ጦርነት፣ በዚያው ዓመት በቦምብ ስለጋየችው ጌርኒካ ነገርኳት። አዳምጣኝ ስታበቃ “እንዲህ በለኛ! ፊቷን ነጭታ ነዋ” አለች። ልቅሶ ላይ ፊት የሚነጭበትን ዘመን አይታለች። ኩቢዝም ምናምን ብዬ ልጀምር የነበረውን ዋጥኩት።

ሥዕሏ ጉደኛ ናት። ጋለሪው በ1985 በ1.6 ሚሊዮን ዶላር ገዛት፤ በዓመቱ፣ በኦገስት 1986፣ ተሰረቀች። ሌቦቹ በቦታዋ ካርድ ትተው ሄዱ፤ ለጥገና ተነሥታ ወደ “ኤ.ሲ.ቲ.” ተወስዳለች የሚል። ኤ.ሲ.ቲ. ማለት ካንቤራ ያለችበት ግዛት ነው። ሠራተኞቹ ካርዱን አነበቡ፣ አመኑ፣ አለፉ። በኋላ ነው “የአውስትራሊያ ባህል አሸባሪዎች” ነን የሚሉ ደብዳቤ የላኩት፤ ይህም በእንግሊዝኛ ሲያጥር ያው ኤ.ሲ.ቲ. ነው። ጥያቄያቸው ለጥበብ በጀት ይጨመር፣ ለወጣት ሠዓሊዎች ሽልማት ይቋቋም የሚል ነበር። ከሁለት ሳምንት በላይ ጠፍታ ከረመችና አንድ ጭረት ሳይነካት በስፔንሰር ስትሪት ባቡር ጣቢያ፣ መንገደኛ ዕቃ የሚያስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ ተገኘች። ስፔንሰር ስትሪት የዛሬው ሳውዘርን ክሮስ ነው፤ ያን ጠዋት የወረድንበት። ሌባው እስከ ዛሬ አልተያዘም።

“ታዲያ ሰዎቹ ግድግዳውን አያዩም ነበር?” አለች እናቴ።

እኔን የመሰሉ ሰዎች ናቸው መቼም።

“ምን ማለት ነው?” የሚለው ጥያቄ በእኛም አገር ብዙ ሠዓሊ አድክሟል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከኮሎኝ ተመልሶ አዲስ አበባ ላይ ረቂቅ ሥዕሎቹን ያሳየ ጊዜ የለመደውን ፊት ፍለጋ የገባ ሰው ቀለም ብቻ አግኝቶ ወጣ። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ፤ በ1981 ኦክላሆማ ላይ በስደት ሞተ። በስሙ የተሰየመው ሙዚየም ስድስት ኪሎ የተከፈተው በ2008 ነው። እኛ ውጭ ያለነውም አልተሻልንም። በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቬኒስ ቢዬናሌ ላይ የራሷን ድንኳን ዘርግታ የተስፋዬ ኡርጌሳን ሥዕሎች አሳየች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ሲድኒ ድረስ መጥታ ትልቅ ዐውደ ርእይ ከፈተች። ለሠርግ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ዲር ፓርክ ወደ ሲድኒ ይበር ነበር፤ እኔም ጭምር። ለሥዕል ግን “ትኬቱ ተወደደ” አልን።

ትልቁ አዳራሽ ጣራው በሙሉ ባለ ቀለም መስታወት ነው፤ የሌናርድ ፍሬንች ሥራ። ሰዉ ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነው የሚያየው። እናቴ ደነገጠች፤ “እነዚህ ሁሉ ታመው ነው?” አለች። እሷ ቆማ አየችው፤ እኔ ግን ተጋደምኩ፣ ደክሞኝም ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ያራ ወንዝን ተሻግረን ፌዴሬሽን አደባባይ ወዳለው የጋለሪው ሌላ ቤት ሄድን፤ የአውስትራሊያ ሥዕሎች ያሉት እዚያ ነው። አንድ ግድግዳ ሙሉ ጥቁር ሸራ አለ፤ ስፋቱ 8 ሜትር፣ በላዩ ላይ ነጭ መስመር ብቻ፣ እየተጠላለፈ፣ እየተሳበ የሚሄድ። የሣለችው ኤሚሊ ካም ንግዋሬ የምትባል የበረሃ ሴት ናት። ሸራ ላይ መሣል የጀመረችው ሰማንያ ሊሞላት ሲል ነው፤ ይህን በ1995፣ በሁለት ቀን ውስጥ ጨረሰችው፤ በዓመቱ አረፈች።

እናቴ ብዙ ቆየች። ወንበር ነበር፣ ተቀመጠች። እኔ ካርዱን ጨርሼ ልቀጥል ስል እጄን ያዘችኝ።

“ሹሩባ ነው” አለች።

እውነት ነው፤ በጥቁር ፀጉር መካከል የሚነጣው የራስ ቅል መስመር፣ እናት ልጇን ከጉልበቷ ሥር አስቀምጣ ስትሠራ ከላይ የምታየው። እኔ ግን ካርዱን አንብቤያለሁና አረምኳት፤ “አይደለም እማዬ፣ ሥር ነው። እንደ ቦዬ ያለ ተክል ሥሩ መሬቱን ሰንጥቆ ሲሄድ ነው። የሴትዮዋም ስም ከዚያው ተክል የወጣ ነው።”

“ፀጉርስ ሥር የለውም?” አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ካርድ አላነበብኩላትም፤ አልጠየቀችኝምም።

አሁን ባሕር ዳር ናት። ስደውል አንዳንዴ “ያቺ አረንጓዴዋ አለች?” ትለኛለች። አለች። ሀንት ክለብ ገና አልገባሁም፤ መኪናዬ የሚሠራበት ጋራዥ ከዚያ ሩቅ አይደለምና ምክንያት የለኝም። ጋለሪው በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 4 እስከ 11 ክፍት ነው፤ ለልዩ ዐውደ ርእይ ካልሆነ አይከፈልበትም። በፈረንጅ ገና ይዘጋል። በእኛ ገና ክፍት ነው።