መሰብሰብና መጠበቅ

ሰው ከምድር ለሚያገኘው ሀብት ሁለት ጊዜ ይደክማል፤ አንድ ጊዜ ሲሰበስበው፥ አንድ ጊዜም ሲጠብቀው። ስለ መሰብሰቡ ብዙ ይዘፈናል፤ አጫጁ ይወደሳል፥ አውድማው ይመረቃል፥ ጎተራው ሲሞላም እልልታ ይሰማል። ስለ ጠባቂው ግን የሚናገር እምብዛም የለም። እርሱ ሥራውን በሚገባ የሠራ እንደ ሆነ ምንም ነገር አይደርስምና፥ ያልደረሰውን ነገር ደግሞ አንሥቶ የሚያወሳ ሰው አይገኝም። እኛ በአሰላ አቅራቢያ፥ በጭላሎ ተራራ ሥር የተወለድን እንደ መሆናችን መጠን፥ ይህን ሁለተኛውን ድካም በአካላችን እናውቀዋለን። ዛሬ ስለ እርሱ እንድንጽፍ ያነሣሣን ግን፥ ምናልባት አንባቢን የሚያስገርም ቢሆንም፥ በኢንተርኔት የሚካሄድ አንድ የጠፈር ጨዋታ ነው።

የወንድማችን ልጅ በአሰላ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። በእጅ ስልኩ የሚጫወተው ይህ ጨዋታ ኦጌም የሚባል ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2002 በጀርመን አገር የተጀመረ ነው። ተጫዋቹ ሲጀምር አንዲት ባዶ ፕላኔት ይሰጠዋል። በእርስዋም ላይ ማዕድን ማውጫ ይሠራል፤ የሚያወጣቸውም ሦስት ናቸው፥ እነርሱም ብረት፥ ክሪስታልና ዲዩቴሪየም ይባላሉ። ማውጫው ኃይል ይፈልጋል፤ ለኃይሉም የፀሐይ ማመንጫ መትከል ያስፈልጋል፤ ይህን ሁሉ ለማስፋፋት ደግሞ የወጣው ማዕድን ተመልሶ ይከፈላል። ይህስ ከእኛ ገበሬ ሥራ ብዙም የራቀ አይደለም፤ እርሱም ካመረተው ላይ ለዘር ይቀንሳልና።

የጨዋታው ጭንቅ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ባለቤቱ ስልኩን ዘግቶ ቢተኛም ጨዋታው አይቆምም፤ ማዕድኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠራቀም ያድራል። የተጠራቀመውንም ሌላው ተጫዋች ያየዋል። አስቀድሞ የስለላ መንኮራኩር ልኮ ሀብቱንና መከላከያውን ይቆጥራል፤ ቀጥሎም ባለቤቱ በእንቅልፍ ላይ ሳለ የጦር መርከቦቹን ያዘምትበታል። ስለዚህ ብልኅ የሆነው ተጫዋች ከመተኛቱ በፊት ያለውን ሀብት በመርከቦቹ አሳፍሮ ወደ ሩቅ ጠፈር ይሰዳቸዋል፤ ሲነጋም ይመለሱለታል፤ ቀማኛው ሲደርስ ባዶ ቤት ያገኛል። ይህን በሰማን ጊዜ አባቶቻችን ወታደር ባለፈ ቁጥር እህላቸውን በጉድጓድ ቀብረው አፉን በአፈር ይደፍኑ እንደ ነበር አስታወስን። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት በጠፈርም ሠርቷል ማለት ነው።

ነገር ግን ልጁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እየተነሣ መርከቦቹን ሲመልስ፥ ጠዋት በክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለው ጀመር። እናቱ አዘነች፤ ወንድማችንም እንድንመክረው ጠየቀን። ጠርተን ብንጠይቀው፥ «ጋሼ፥ ካልነቃሁ ይወስዱብኛል» አለን። እኛም ያልተጨበጠ ብረት ቢወሰድ ምን ጉዳት አለው ብንለው፥ አንገቱን ደፍቶ፥ «እርስዎስ ዝንጀሮ የመጣ ጊዜ ተኝተው ያድሩ ነበርን?» ሲል መለሰልን። ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎ ከባድ ሆነብን።

በእርግጥ ተኝተን አናድርም ነበር። ገብሱ ወተት ሲቋጥር ወፍ ይወርድበታል፤ ስለዚህ ከንጋት ጀምሮ ማማ ላይ ወጥተን ወንጭፍ እናጮህ ነበር። ዝንጀሮ በቀን ይመጣል፤ ከርከሮና ጃርት በሌሊት ይመጣሉ። በኅዳር ወር የጭላሎ ውርጭ ጋቢውን ዘልቆ አጥንት ሲነካ፥ እሳት አንድደን፥ ቆርቆሮ እየመታን፥ እርስ በርሳችን እየተጣራን እናነጋ ነበር። ሌሊቱ ግን በተራ ነበር። ዛሬ የእኛ ቤት ልጅ ማማ ላይ ከወጣ፥ ነገ የጎረቤት ልጅ ይወጣል፤ ጩኸቱም የሁሉንም ማሳ ይጠብቃል። እንዲህም ሆኖ በመከር ጊዜ ከትምህርት ቤት የሚቀረው ልጅ ብዙ ነበር። የዳነው እህል ስንት እንደ ሆነ በቁና ይሰፈራል፤ ልጁ ያጣው ትምህርት ግን የሚሰፈርበት ቁና አልነበረም።

የአያታችን ጥበቃ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነበር፤ ጢሰኛ ነበሩና። አጭደውና ወቅተው፥ ከወፍና ከዝናብ አትርፈው ባኖሩት ምርት ላይ ባለመሬቱ ድርሻውን ይወስድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው፥ በአጭሩ ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ ምርጥ ዘርን፥ ማዳበሪያንና ብድርን ለገበሬው አቀረበ፤ ምርቱም አደገ። ይሁን እንጂ ስንዴ ትርፍ ማስገኘቱ በታየ ጊዜ ብዙ ባለመሬቶች በትራክተር ማረስ ጀመሩ፤ ከዚህም የተነሣ ብዙ ጢሰኞች ከኖሩበት መሬት ተነቀሉ። ጢሰኝነት በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አያታችን ሰብልን ከአውሬ መጠበቅ ያውቁ ነበር፤ ሰብሉ የበቀለበትን መሬት ከባለመብቱ የሚጠብቁበት ማማ ግን አልነበራቸውም።

በእኛ ዕድሜ ደግሞ ወንጭፍ የማይመልሰው ጠላት መጣ፤ ይኸውም ዋግ ነው። ዋግ በስንዴ ቅጠልና ግንድ ላይ የሚወጣ የሻጋታ ዓይነት በሽታ ነው። ከአንዲት የዝገት ነቁጥ የሚበተነው ብናኝ እጅግ ብዙ ነው፤ ብናኙንም ነፋስ ከማሳ ወደ ማሳ፥ ከአገር ወደ አገር ይወስደዋል። በሕይወት ካለ ተክል ላይ ካልሆነ አይኖርም፤ ነገር ግን በአንዱ ስፍራ መከር ሲያልቅ በሌላው፥ ለምሳሌ በባሌ፥ የበልግ ስንዴ ስለሚዘራ መጠጊያ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገራችን ከ400,000 ሄክታር በላይ የስንዴ ማሳ አጠቃ። በሰፊው ይዘሩ የነበሩት ኩብሳና ገለማ የተባሉት ዝርያዎች ሊቋቋሙት አልቻሉም። ከዚያ ዲጋሉ የሚባለው ዝርያ ቢጫ ዋግን ስለ ተቋቋመ ገበሬው ሁሉ ወደ እርሱ ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ግን ሌላ ዘር የሆነ የግንድ ዋግ ተነሥቶ በአርሲና በባሌ ያንኑ ዲጋሉን መታው። አንድ ዝርያ ብቻ የሚጠብቀው አገር አንድ በር ብቻ እንዳለው ቤት ነው፤ በሩ ከተሰበረ ሌላ መከላከያ የለውም።

በ2010 የወንድማችን ማሳ ከሩቅ ሲያዩት የበሰለ ይመስል ነበር። ቀርበው ሲነኩት ግን እጅ በቢጫ ዱቄት ይሸፈናል። መድኃኒቱ በገበያ ተወደደ፤ በተገኘም ጊዜ ቀኑ አልፎ ነበር። ኮምባይነር ይዞ የመጣው ሰው እሸቱን በመዳፉ አሽቶ ከተመለከተ በኋላ፥ ፍሬው የኪራዩን ዋጋ እንደማያወጣ ነግሮን ወደ ሌላ ማሳ ሄደ። ወንድማችን አንድ ቃል አልተናገረም፤ ከብቶቹን ፈትቶ ወደ ማሳው ለቀቃቸው። ልጁ በዚያ ዘመን ገና ሕፃን ስለ ነበር ይህን አላየም።

እንግዲህ የጨዋታውና የማሳው ልዩነት እዚህ ላይ ይገለጣል። በጨዋታው አንዱ ያጣውን ሌላው ያገኘዋል፤ ስለዚህ ተጫዋች የጎረቤቱን እንቅልፍ ይመኛል። ከዋግ ግን የሚያተርፍ ጎረቤት የለም፤ ዛሬ በጎረቤት ማሳ የታየው ነቁጥ ሰንብቶ በእኛ ማሳ ይታያል። ስንዴም እንደ መርከብ አሳፍረው የሚያሸሹት ነገር አይደለም። ስለዚህ የዋግ ጥበቃ ዋና ነገር አስቀድሞ ማየትና፥ ያዩትን ሳይደብቁ መናገር ነው። በማሳው ዋግ አይቶ እፍረት ይዞት ዝም የሚል ገበሬ፥ ማማ ላይ ሆኖ ከርከሮ ሲገባ እያየ እንደማይጮህ ልጅ ይቆጠራል።

ከዚያ ወረርሽኝ በኋላ ይህ ጩኸት በሳይንስ ተደራጅቷል። የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፥ ሲሚት ከሚባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማእከል፥ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከብሪታንያ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ዘርግቷል። ከየማሳው የሚመጣው ወሬ ከነፋሱ አቅጣጫና ከአየሩ ጠባይ ጋር ተገናዝቦ፥ ብናኙ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ይተነበያል። በአሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ ምርምር ማእከል ደግሞ ዋግን የሚቋቋሙ የስንዴ ዝርያዎችን ያፈልቃል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጦ የሚያይ ዓይን ያስፈልገዋል።

ለልጁ የነገርነውም ይህንኑ ነው። ጨዋታውን አልነቀፍንበትም፤ ብቻውን መጠበቁን ግን ነቀፍንበት። በጨዋታው ውስጥ ኅብረት የሚባል ነገር እንዳለ፥ ባልንጀራም መርከቦቹን ልኮ በፕላኔትህ ላይ ሊያቆምልህ እንደሚችል የነገረን እርሱ ራሱ ነው። «እንግዲያው ተራ ግቡ፤ እኛም በማማው ላይ በተራ ነበርን» አልነው። ጥቂት ካሰበ በኋላ ከምሽቱ 4 ሰዓት ስልኩን ለእናቱ ሊያስረክብ ተስማማ። እኛም በፈንታው ሌላ ሥራ ሰጠነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቱ ጋር ወደ ማሳው ወርዶ ቅጠል እንዲመረምር፥ የተጠራጠረውንም ፎቶግራፍ አንሥቶ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛና ለአዋሳኝ ገበሬዎች እንዲልክ።

በመስከረም ሦስተኛው ቅዳሜ፥ በማሳው ዳርቻ ጎርፍ በተኛበት ቦታ፥ በጥቂት ቅጠሎች ላይ ቢጫ መስመር አገኘ። በዚያው ቀን ለአምስት ቤት ተነገረ፤ በሳምንቱም አምስቱም ማሳዎች መድኃኒት ተረጩ። ይህን በምንጽፍበት በጥቅምት ወር ስንዴው ገና በመቋጠር ላይ ነው፤ መከሩም ሩቅ ነው። ወንድማችን ስለ ምርቱ ሲጠይቁት እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ ያልፋል። ልጁ ግን ነገ ቅዳሜ ነውና ጫማውን በደጃፉ አኑሮ ተኝቷል።