ፉርጎ ማስረጀት

ሐምሌ ውስጥ ነው። አሰላ መናኸሪያ አጠገብ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልዬ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ ዓይኔ አንድ ጋሪ ላይ አረፈ። ጭነቱን አራግፎ ባዶውን ቆሟል። ጭቃው ከጎማው ጀምሮ እስከ አግዳሚው ድረስ ወፍሮ ተለጥፏል፤ ከዚያ በላይ እየሳሳ ሄዶ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል፤ መቀመጫው ጋ ሲደርስ ጨርሶ የለም። የኋላው ሳንቃ ጠርዝ ደግሞ ቀለሙ ተፍቆ አልቆ፣ እንጨቱ ራሱ በሰም እንደተወለወለ ያበራል። ባለጋሪው ትክ ብዬ ማየቴን ልብ አሉ።

«ልጄ፣ የሚጫን ነገር አለህ?»

«የለኝም አባባ። ይሄ ጠርዝ እንዴት እንዲህ እንደለሰለሰ እያየሁ ነው።»

«ጆንያ ነዋ! ገብሱ ሲወጣ ይፈትገዋል፣ ሲወርድ ይፈትገዋል።»

ማታ ቤቴ ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር የአንዲት ትንሽ ፉርጎ የበር ጠርዝ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጎ ማሸት ነበር። ጆንያ የሚገባባት በዚያ በር ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ጠርዙን እንደ ሌላው ግድግዳ አቧራ አልብሼው ኖሯል።

የድሮውን የምድር ባቡር ፉርጎዎች በ87 እጥፍ አሳንሼ እሠራለሁ። አሥር ሜትር የነበረው አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። የአንድ ሜትር ስፋት የነበረው ሐዲድ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። አሰላ ባቡር ወጥቶባት አያውቅም። መስመሩ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በ1895 ድሬዳዋ ገብቶ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ እኛን ከታች በስምጥ ሸለቆው አልፎን ነው የሄደው። አንድ ቀን ግን ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር ለ87 ሲካፈል ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው። ከአሰላ ወደ አዳማ መንገድ ስትወርዱ ቁሉምሳ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ያ ሁሉ መስመር በኔ ልክ ቢዘረጋ የኛን ከተማ ከቁሉምሳ አገናኝቶ አንድ ኪሎ ሜትር ይተርፈዋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ በሄድኩ ቁጥር አዋሽ የት ላይ እንደሚውል፣ ድሬዳዋ የትኛው የገብስ ማሳ ላይ እንደምትወድቅ በዓይኔ እለካለሁ።

ፉርጎ በቅርብ ያየሁት ልጅ ሆኜ አዳማ ነው። አባቴ እጄን ይዞ ጣቢያው ጋ አቆመኝና ዕቃ የሚጭኑት ተራ በተራ ሲያልፉ ቆጠርን። ያስደነቀኝ ቀለማቸው ነው፤ አንዱም ከሌላው አይመሳሰልም። ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ ዓይነት እንደነበሩ ያኔ አላውቅም። አሰላ ስመለስ ከሰርዲን ቆርቆሮ ፉርጎ ሠራሁ፤ እግሩ አራት ቆርኪ፣ መጎተቻው ሲባጎ። ደጅ ረስቼው ክረምት ወጣበት። መስከረም ላይ ከሣሩ ውስጥ ሳገኘው ማዕዘኖቹ ቀይ ዝገት አውጥተው፣ ከሚስማር ቀዳዳዎቹ ሥር ቡናማ መስመር ወርዶ፣ አዳማ ያየሁትን ቁርጥ መስሏል። አሁን በብሩሽና በዱቄት የማደርገው ያ ክረምት ያደረገውን ነው።

አዲስ ቀለም የተቀባ ሞዴል የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ አሻንጉሊት ነው የሚመስለው። አሜሪካዊው ጆን አለን ለዚህ ነገር ዕድሜውን ሰጥቷል። ሞንተሬይ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ቤቱ ውስጥ የተራራ ባቡር ዘርግቶ፣ ሎኮሞቲቩን ጥላሸት፣ ፉርጎውን አቧራና ዝገት እያለበሰ ብዙዎችን አስተማረ። በ1973 እ.ኤ.አ. በሞተ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራው በእሳት ወደመ። ፎቶዎቹን ባየሁ ቁጥር ሐዘኑ አይለቀኝም።

የኛ መስመር ለዚህ ሥራ የሚሰጠውን ሀብት ግን ሌላ ቦታ ማግኘት የሚከብድ ይመስለኛል። አንዲት ፉርጎ ከባሕር ጠለል ተነሥታ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ትወጣለች። ጅቡቲ ላይ የጨው ነፋስ ይበላታል። በረሃው ላይ ፀሐይ ቀለሟን ያነጣዋል፤ ጣሪያዋ ከጎኗ ቀድሞ ይገረጣል። መተሐራ አጠገብ ፈንታሌ የተፋውን ጥቁር ድንጋይ ታቋርጣለች። እዚያው በሰቃ ሐይቅ እየሰፋ መጥቶ ሐዲዱን ሲያስቸግር ኖሯል። ከዚያ አዳማ፣ ሞጆ፣ ከዚያ የቢሾፍቱ መረሬ፣ ያ ጥቁር ጭቃ። ስለዚህ አቧራ ከመንካቴ በፊት ፉርጎዋ የት እንደዋለች እወስናለሁ። ቡና ጭና የወረደችው፣ ቆዳ የጫነችውና ጨው ጭና የመጣችው አንድ ዓይነት እድፍ ሊኖራቸው አይችልም። ይህን ሳይወስኑ ቡናማ ቀለም መርጨት ፉርጎን ያቆሽሻል እንጂ አያስረጅም።

ዝገቱን የማመጣው ከጣሪያ ነው። አሰላ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናትና የቆየ ቆርቆሮ አይጠፋም። ሚስማር የተመታበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ዝገቱ ከሚስማሩ ራስ ዙሪያ ይነሣና ውኃው በሄደበት ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ላይ ላይ ይደምቃል፣ ታች ሲደርስ ይጠፋል። እሱን ፍቄ፣ አድቅቄ፣ በስስ ጨርቅ እነፋዋለሁ። ዱቄቱን በደረቀ ብሩሽ ጫፍ ብቻ ነክቼ፣ ብሩሹን ወረቀት ላይ ጠርጌ፣ ምንም የቀረበት በማይመስልበት ጊዜ ነው ፉርጎዋን የማስነካት። ከላይ ወደ ታች፣ ሁልጊዜ። ወደ ጎን የሄደ ዝገት ውሸት ነው። ከሰል ለጥላሸት፣ አመድ ለበረሃው አቧራ ይሆናል። የሚያሳስተው ጎማው ነው። ፊቱ ዘይትና የፍሬን ብናኝ ጠጥቶ ይጠቁራል፣ ሐዲዱን የሚረግጠው ጠርዝ ግን እየተሞረደ ስለሚኖር ሁልጊዜ እንደ ብር ያበራል።

አንድ ጊዜ የቡና አተላ ሞከርኩ። ቀለሙ ልቤን ወስዶት በደንብ ሳላደርቀው ቀባሁና ሦስት ፉርጎ ካርቶን ውስጥ ከተትኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስከፍተው ነጭ ሻጋታ እንደ ጥጥ ለብሰዋል። የሁለት ወር ሥራ ነበር። አተላን አሁን የማስገባው ምጣድ ላይ ቆልቼ ካደረቅሁት ብቻ ነው፣ እሱንም ለወለሉ ፍርፋሪ ያህል።

ቀለም ስለማፍዘዝ ደግሞ ጭላሎ አስተምሮኛል። ተራራው እግሩ ሥር ሲቆሙ አረንጓዴ ነው፤ ከኢተያ ሲያዩት ሰማያዊ፤ ጠዋት ላይ ጭራሽ ግራጫ። መሐል ያለው አየር ነው ቀለሙን የሚወስደው። ሞዴሌን ከአርባ ሴንቲ ሜትር ላይ ሳየው እውነተኛውን ፉርጎ ከሠላሳ አምስት ሜትር ርቀት እንደማየት ነው፤ መሐላችን ግን ያ ሁሉ አየር የለም። ስለዚህ ቀይም ሆነ አረንጓዴ ከመቀባቴ በፊት ትንሽ ነጭ፣ ትንሽ ግራጫ እጨምርበታለሁ፤ አየሩን ቀለሙ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ዛሬ በአዲሱ መስመር የኤሌክትሪክ ባቡር ይሄዳል፤ በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው የተመረቀው። የድሮዎቹ ፉርጎዎች ድሬዳዋ ቆመው ያረጃሉ። የቆመ ፉርጎ እርጅና ደግሞ ሌላ ነው፤ ጎማው ጭምር ይዝጋል፣ የበሩ እጀታ የሰው እጅ አጥቶ ብርሃኑ ይጠፋል። እኔ የምሠራቸው ሁሉ ገና በሥራ ላይ ያሉ ናቸው። እጀታቸውን በእርሳስ ጫፍ አሽቼ አበራዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጨው የጫነችውን ፉርጎ በጨርቅ ጠቅልዬ ለባለጋሪው ወሰድኩላቸው። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። በሩን አዩ፣ ጠርዙን በጥፍራቸው ነካ አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን ጭና ነው?»

«ጨው፣ አባባ።»

ገልብጠው ሆዷን ተመለከቱ። ንጹሕ ጥቁር ነው፤ አልነካሁትም ነበር።

«ጨው ከሆነማ ከታች ነው የሚበላው። በሳንቃው ቀዳዳ ይንጠባጠባል። ና፣ የኔን እይ።» ከጋሪያቸው ሥር አጎንብሰን ገባን። አግዳሚው ብረት እንደ ቆጮ ተላልጦ፣ ጨው ከጆንያ የፈሰሰበት ቦታ ሁሉ ተቦርቡሯል። የእጅ ስልኬን መብራት አብርቼ ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ፉርጎዋ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ዱቄቱም ተነፍቷል።