ጓዝ ሲሸከፍ ሰው እንዳይረሳ

እናቴ ከሲግናል ቤታችን አልነቃነቅም ያለችው ቤቱን ወድዳው አልነበረም። ጣሪያው ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል፤ ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ ነው፤ ቤቱም ቢሆን የኪራይ ነው። 88 ዓመቷ ነው፤ የጨነቃት ሌላ ነገር ነበር። «እዚያ ማን ያውቀኛል? ብሞት ማን ይቀብረኛል?» አለችኝ። እኔ ብርጭቆ በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ነበር። ቀና እንኳን ሳልል፣ «እማዬ ደግሞ! ዕድርሽን ማን ወሰደብሽ?» ብያት ወደ ብርጭቆዬ ተመለስኩ።

ይህን የምጽፈው ቀና ባለማለቴ ምክንያት ነው። ቤት መቀየር በከተማችን የብዙ ቤተሰብ ጣጣ ሆኗል። አረጋዊ ወላጅ ወይም ሕፃን ይዛችሁ የምትሄዱ ካላችሁ የእኔ ስህተት ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

ከአራት ኪሎ በቀበናና በእንግሊዝ ኤምባሲ አድርጎ ወደ መገናኛ የሚወጣው መንገድ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሲሠራ መንገድ ዳር የነበሩ ጎረቤቶቻችን ቀድመውን ሄደዋል። የእኛ ቤት ውስጥ ለውስጥ ስለሆነ አልተነካም ነበር። በኋላ ግን የቤቱ ባለቤት ልጆች ሊሸጡት ወሰኑና የሦስት ወር ጊዜ ሰጡን፤ ክፉ አልሆኑብንም። ደግነቱ የካ አባዶ የራሳችን ቤት አለን። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና በ1997ቱ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ተመዝግቦ፣ ዕጣ ወጥቶለት፣ 20 በመቶውን ከፍለን 80 በመቶውን በባንክ ብድር ስንገፋ የኖርንበት ነው። እስከዚያ ድረስ አከራይተነው ነበር። አንድ ችግር ብቻ አለው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም።

ጓዝ መሸከፍ ያቅተኛል ብዬ አላሰብኩም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ነርስ ነበርኩ። የመድኃኒት ቁም ሳጥን፣ የአልጋ ልብስ፣ የድንገተኛ ክፍል ዕቃ ቆጥሬ ስረከብና ቆጥሬ ሳስረክብ ነው የኖርኩት። ሾላ ገበያ ወርጄ ካርቶን፣ ማዳበሪያ፣ ሲባጎና ፕላስተር ገዛሁ። እያንዳንዱን ካርቶን ቁጥር ሰጥቼ፣ ውስጡ ያለውን በደብተር መዘገብኩ። ከባድ ነገር በትንሽ ካርቶን፣ ቀላል ነገር በትልቅ ካርቶን አደረግሁ፤ መጽሐፍና ድስት በትልቅ ካርቶን ከሞላችሁ ታችኛው ተቀዶ ደረጃ ላይ ይበተናል። ስኒውን በጋዜጣ፣ ጀበናዋን በአሮጌ ነጠላ ጠቀለልኩ። የእንጀራ ምጣዱን በሁለት ፍራሽ መሀል በጎኑ አቆምኩት፤ አስተኝተው ሌላ ዕቃ የሚጭኑበት ሰዎች ምጣዱን ሁለት ቦታ ሰብረው ነው የሚያወርዱት። ማቀዝቀዣውን ቀድሜ ነቅዬ በረዶው እንዲቀልጥ አደረግሁ።

እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ስህተቱ የጀመረው መቀነስ ስጀምር ነው። ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም የአርባ ዓመት ጓዝ አይችልም። በርሜሉን ለጎረቤት ሰጠሁ። ሙቀጫውንም ሰጠሁ፤ ፎቅ ላይ ቢወቀጥ ታች ያለው ሰው አናቱ ላይ የሚወቀጥ ነው የሚመስለው። ከእማዬ አልጋ አጠገብ ደግሞ አንድ አሮጌ የቆርቆሮ ሳጥን ነበረች። ክዳኗ የተጣመመ፣ ቀለሟ የለቀቀ፣ ውስጧም ባዶ ነው። እማዬ ጎረቤት ቡና ልትጠጣ በወጣችበት ቆራሌው ሲያልፍ ጠርቼ ሸጥኩለት። ተመልሳ ሳጥኗን ስታጣ አንድ ነገር ብቻ አለች፤ «ጠይቀሽኝ ቢሆን።» ልጆቼም እኔም ሳቅን። ያረጀች ቆርቆሮ ምን ይጠየቅባታል?

እማዬ ሰኔ 12 ቀን የካ ሚካኤልን ሳትሳለም እንደማትሄድ ቁርጧን ስለነገረችን ከንግሡ ማግስት ባለው ሳምንት ተነሳን። ክረምቱ ቀድሞን ገብቶ ነበር። አይሱዙው ሲመጣ ከእንጦጦ በኩል ጥቁር ደመና ወርዶ ስለነበር ፍራሾቹን በሸራ ሸፈንናቸው። በዚያ ሰዓት የዕድራችን ሰዎች መጡ። ማንም አልጠራቸውም። ወጣቶቹ ዕቃ ጫኑ፤ አረጋውያኑ ከእማዬ ጋር ተቀምጠው መረቁ። አራቱ ወጣቶች ደግሞ «እማማን እኛ ነን የምናወጣቸው» ብለው አብረውን ተሳፈሩ።

መገናኛን፣ ኮተቤን አልፈን የካ አባዶ ስንደርስ እማዬን ባለመደገፊያ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ወገቧን በነጠላ ከወንበሩ ጋር አስረው፣ አራት ሆነው ደረጃውን ይዘዋት ወጡ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ሊሰበስቡ ሲያሳርፏት ግራና ቀኝ አይታቸው፣ «አይ ዕድሬ! በቁሜ ተሸከመኝ!» አለች። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ሆዴ ባባ። ከሳምንታት በፊት ጠይቃኝ ቀና ሳልል ያለፍኩትን ጥያቄ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

የመጀመሪያው ማታ የደም ግፊት መድኃኒቷን ልሰጣት ብል የለም። በደብተሬ ላይ አየሁ፤ «ካርቶን 17፣ ልዩ ልዩ» ይላል። ካርቶን 17 ደግሞ ከበረንዳ እስከ ኮርኒስ ከተደረደረው ክምር የትኛው ሥር እንደሆነ እግዜር ይወቀው። «ነገ ጠዋት አገኘዋለሁ» አልኩ። ጠዋት ሌላ ሥራ መጣ፤ ቧንቧው አፈሰሰ፣ መብራቱ ሄደ። ሁለተኛው ማታም ያለ መድኃኒት አለፈ። ለሌላ ሰው ቢሆን «መድኃኒት አይዘለልም፣ ከጠፋ በቀኑ ፋርማሲ ሂዱ» ብዬ የምቆጣ ሰው ነኝ።

በሁለተኛው ሌሊት ዱብ የሚል ድምፅ ሰምቼ ብድግ አልኩ። እማዬ ወለሉ ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ ግድግዳ ትዳብሳለች። «በሩን ማን ወሰደው?» ትላለች። በሲግናሉ ቤት በሩ ከአልጋዋ በስተግራ ነበር፤ አዲሱ ቤት በስተቀኝ ነው። ሽንት ቤት ልትሄድ ተነስታ፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው እጇን ወደ ሳጥኗ ዘረጋች። ሳጥኗ የለችም። ለካ ያቺ ባዶ ቆርቆሮ ሥራ ነበራት! እናቴ ሌሊት ከአልጋ ስትነሳ ተደግፋ የምትቆመው እሷን ነበር። አንድ ቤት ውስጥ አብሬያት እየኖርኩ፣ ነርስ ሆኜ፣ አንድም ቀን ልብ አላልኩም።

እግዚአብሔር ይመስገን አጥንቷ ተረፈ፤ ጉልበቷ ብቻ በለዘ። ከታች ካለች ጎረቤት የግፊት መለኪያ ተውሼ ስለካት ግን የላይኛው 190፣ የታችኛው 100 ሆኖ አገኘሁት። የራሴ መለኪያ የት እንደነበር አትጠይቁኝ፤ ካርቶን 17 ውስጥ ነው። ሲነጋ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ደረጃውን ልጄና የጎረቤት ልጅ ተሸክመዋት ወረዱ። ገና ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች ነበሩ።

እዚያ ተቀምጬ ስጠብቅ የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝ። አረጋዊ ታካሚን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ያዛወርን ዕለት ሌሊቱን ብዙ ጊዜ ግር ይለው ነበር። ልጆቹን ስም እየጠራ ይጣራል፤ በሩን ያጣል፤ ከአልጋ ይወርዳል። ሰውየው አእምሮው ጠፍቶ ላይሆን ይችላል። ዓይኑ ሲደክም ቤቱን የሚያውቀው በእጁና በእግሩ ስለሆነ ነው። ስንት እርምጃ፣ በየት በኩል፣ ምን ይዞ። ያንን በአንድ ቀን ስናፈርስበት ሌሊቱ ባዕድ ይሆንበታል። ድንገት የመጣ ግራ መጋባት ግን ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ሕመም ሊሆንም ስለሚችል «ቤት ስለቀየሩ ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ አሳዩአቸው።

ለማንኛውም ዛሬ እንደገና ብሸክፍ የማደርገውን ልንገራችሁ። አይሱዙ ላይ የማይጫን አንድ የእጅ ቦርሳ ይኑራችሁ። የእያንዳንዱ ሰው መድኃኒት የሁለት ሳምንት፣ የግፊት ወይም የስኳር መለኪያ፣ መነጽር፣ የክትትል ካርድ፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ መታወቂያ፣ የቤት ውልና ባትሪ ይግባበት። ቦርሳውን አንድ ሰው ይያዝ፤ እስኪደርስ ድረስ ከትከሻው አይውረድ።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ ማቀዝቀዣው የሚነቀልበትን ሰዓት አስቡበት። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው የሚቀመጠው። መወጋት የተጀመረው ግን ፀሐይና ሙቀት ከሌለበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሳምንት ያህል ከማቀዝቀዣ ውጭ ይቆያል። በረዶ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል።

ሕፃናት ላሏችሁ ደግሞ፣ በዕቃ ማንሳት ግርግር በረኪናና ላምባ በሃይላንድ ጠርሙስ ይገለበጣል፤ ጠርሙሱ ወለል ላይ ይቀራል፤ የጠማው ልጅ ውኃ መስሎት ያነሳዋል። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ሆነው የመጡ ልጆችን ተቀብያለሁ። ድንገት ቢደርስ ልጁን አታስመልሱት፤ ላምባ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባል። ወተትም አታጠጡት። ጠርሙሱን ይዛችሁ በቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ከሁሉም የሚሻለው ግን በረኪናውንና ላምባውን በራሳቸው ዕቃ፣ ክዳናቸውን አጥብቆ፣ በመጨረሻ ጭኖ በመጀመሪያ ማውረድ ነው።

አረጋዊ ላላችሁ ቤተሰቦች፣ የእሳቸውን ክፍል በመጨረሻ ፍቱት፤ አዲሱ ቤት ስትደርሱ ከሁሉ በፊት እሱን ዘርጉት። ቡፌውና ሶፋው ይደርሳል። አልጋው ከተቻለ እንደ ድሮው ይቁም፤ በሩ በስተግራ ከነበረ በስተግራ እንዲሆን አልጋውን አዙሩት። መቁጠሪያው፣ ራዲዮው፣ ዱላው በለመዱበት በኩል ይሁን። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለው መንገድ ካርቶንም ምንጣፍም አይኑርበት፤ ሌሊት ትንሽ መብራት ይብራ። ከወረዳ መሸኛ ስታወጡም የክትትል ወረቀታቸውን ከጤና ጣቢያው መጠየቅ አትርሱ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከመጣላችሁ በፊት ጠይቁ። «ይህ ምን ይሠራልሻል?» በሏት። መልሷ ሊያስቃችሁ ይችላል፤ ሊያድናትም ይችላል።

ሲግናል ተመልሼ ቆራሌውን ፈልጌው ነበር፤ አላገኘሁትም። ሳጥኗ እስካሁን ቀልጣ ሌላ ነገር ሆና ይሆናል። ከሾላ አንዲት ጠንካራ የእንጨት ሳጥን ገዝቼ ካልጋዋ ጎን አቆምኩ። እማዬ ሁለት ሦስቴ ገፍታ ሞከረቻት። «አትንቀሳቀስም፣ ጥሩ ናት፤ ግን እንደዚያችው አይደለችም» አለች። እውነቷን ነው። አልጋዋን ካዞርንላት ወዲህ ግን በሩን ያጣችበት ሌሊት የለም፤ ግፊቷም ረግቷል።

ያን የመጀመሪያ ጥያቄዋንም በወሩ መለስኩላት። የሲግናሉን ዕድር ሰብሳቢ ሄጄ ሳማክራቸው፣ «እማማ እስከፈሉ ድረስ የትም ይኑሩ አባላችን ናቸው፤ ድንኳናችን የካ አባዶም ይደርሳል» አሉኝ። ይህን ስነግራት ከመቀነቷ ብር ፈትታ በእጄ አኖረች። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ እሑድ ይዤ እሄዳለሁ፤ የሰፈሩን ወሬ ይዤላት እመለሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የታችኛዋ ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ መጥታ፣ የሕንፃዎቻችን ነዋሪዎችም ዕድር እንዳላቸው አጫወተችን። እማዬ ዝም ብላ ሰምታ ሰምታ፣ «መዝግቢኝ» አለች። «እማዬ፣ ሁለት ዕድር?» አልኳት። «ምን አለበት? የዚያኞቹ ሽቅብ አወጡኝ፤ እነዚህ ደግሞ ቁልቁል ያወርዱኛል» ብላ ስኒዋን ለሁለተኛው ዘረጋች።